ጋፋትን ለተማሪ ክፈቱት

በአገራችን ስለ ቅርስና ትምህርታዊ ጉብኝት የሚሠራ ጥናት ከመመረቂያ ጽሑፍነት ሳያልፍ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ያንገበግበኛል፤ በተለይ ደብረ ታቦርን የመሰለ ከተማ ጋፋትን ከአጠገቡ ይዞ። አፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡትን ሚስዮናውያን እነዋልድማየርን መድፍ ሥሩ ብለው ያስገደዷቸው ጋፋት ነው። እነዚያ ሰዎች መድፍ የመሥራት ሙያ አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ ምድጃው እንደገና ተሠራ፣ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተወለደ። ከዚያ የባሰው ድካም ተከተለ። በ1860 ዓ.ም. ሠራዊቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየጠረገ፣ በጠፍር እየጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ አደረሰው፤ ዛሬም እዚያው አለ። የፊዚክስ መምህር ስለ ሰበቃና ስለ ተዳፋት፣ የኬሚስትሪ መምህር ስለ ብረታ ብረት ማቅለጥ፣ የታሪክ መምህር ስለ ሥልጣንና ስለ ግዴታ ከዚህ የተሻለ ምን ማስተማሪያ ይፈልጋሉ? ጉብኝት ሲባል አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ብቻ እየሆነ ነው። ተማሪው አስቀድሞ አንብቦ፣ ቦታው ላይ ለክቶና ጠይቆ፣ ሲመለስ የሚጽፍበት መርሐ ግብር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ የደቡብ ጎንደርን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ጋፋት ይዛችሁ ውጡ፤ የምትጽፉትም ጥናት በአማርኛ ይድረሳቸው።