ደብተር የሌላት ሚስት

በየማታው ሳሎናችን የሚገባው ተከታታይ ድራማ አንድ ዓይነት ሚስት ይወዳል። ታታሪና ዝምተኛ ናት፤ ባሏን ባዶ እጁን ሳለ አግብታው፣ ሲያልፍለት የተረሳች ናት። ሌላ ሴት ትመጣለች፣ አማት ታሽሟጥጣለች፣ ባል ይዋሻል፣ ሚስት ታለቅሳለች። ከብዙ ክፍል በኋላ ባል ይከስራል ወይም ይታመማል፤ ያን ጊዜ ዋጋዋ ይገባውና እግሯ ላይ ይወድቃል። እኛም «እሰይ!» ብለን እንተኛለን።

ታሪኩ ከቱርክ ይምጣ አዲስ አበባ ይቀረጽ፣ ልዩነቱ የአልባሳት ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የባሕር ማዶ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገራችን የጥበብ ሰዎች ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል። የዚያ ክርክር ጭብጥ ባህልና እንጀራ ነበር። በእኔ እምነት ግን ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል፦ የሚስቲቱ ዋጋ የሚለካው ለምን በባልየው ጸጸት ብቻ ይሆናል?

ባለፈው ክረምት አጅባር ከዘመዶቼ ጋር ሆኜ እንዲህ ያለውን ድራማ ስመለከት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ የቤተሰቡ እናት ለቅሶው ሲበዛባቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ደብተር የላትም እንዴ?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ አጭር ሂስ የሰማሁ አይመስለኝም።

ደብተር ያሉት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ነው። በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር፣ በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 በበኩሉ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ እንደሆነ ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ ሁለቱ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ድራማችን ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ሚስት ሻንጣዋን ይዛ በዝናብ ትወጣለች፤ የጋራ ቤቷን ለማን ትታ እንደወጣች የሚጠይቅ የለም።

«ባህላችን ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ትንሽ ወደ ኋላ ይመልከት። በሰሜኑ ደጋ በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲፋታ ከብቱንም እህሉንም እኩል ይካፈል ነበር። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም ትታዘዘው የሚለው ድንጋጌ በጽሑፍ የመጣልን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 635 ላይ ነው፤ የሕጉ አርቃቂም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ከባዕድ የወረስነውን አንዳንድ ነገር የአያቶቻችን ወግ አድርገን የምንሟገትለት ነገር ይገርመኛል።

ለነገሩ የትዳር መከራን ለማየት ኢስታንቡል መሄድም አያስፈልግም። መቅደላ ከአጅባር ሩቅ አይደለችም። እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ አባትየውን በ1847 ዓ.ም. ደራስጌ ላይ ድል አድርገው አሰሯቸው፤ በኋላ ልጂቱን አገቡ። ልዑል ዓለማየሁ ቢወለዱም ትዳሩ አልሰመረም፤ ንጉሡ ልባቸውን ለይተምኝ ሰጡ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ እቴጌይቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ ሞቱ፤ ሕፃኑን እንግሊዞች ወሰዱት። አባታቸውን ያሰረ ባል ዘንድ የኖሩትን እኒህን ሴት፣ ንጉሡ ቢጸጸቱስ ምን ይጠቅማቸው ነበር? ስለ ቴዎድሮስ ስንጽፍ ግን ዕንባችንን ለተዋበች አፍስሰን ጥሩወርቅን በአንድ አንቀጽ እናልፋቸዋለን።

የአጅባሯ እናት ጥያቄም ቢሆን ሙሉ መልስ አይደለም። ደብተር ያላት ሴት ሁሉ ድርሻዋን ታገኛለች ማለት አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ከገጠሩ ቀበሌ ሩቅ ነው፤ ሽማግሌው «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ይላል። መሬቱን ተካፍላ ብትወጣ እንኳ እርፍ የሚጨብጥላት ወንድ ያስፈልጋታል፤ በሬ ከሌላት ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከግማሽ መሬቷ የሚገኘው ምርት እንደገና ይገመሳል። ደራሲ የሚሻው ግጭት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን አለ?

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በድራማ ማንሣት አድማጭ ያርቃል የሚሉም ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ ኤችአይቪን፣ የቤተሰብ ምጣኔንና የሴቶችን ሁኔታ አንሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎርፎለታል። ያኔ ቴሌቪዥን በየገጠሩ አልነበረም፤ ሰው በባትሪ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር የሚያዳምጠው። ዛሬ ካሜራም፣ ስፖንሰርም፣ በርካታ ጣቢያም አለን። ከነዚህ አንዱ ከባልየው ጸጸት በኋላ ሳይሆን ከንብረት ክፍፍሉ ዕለት የሚጀምር ድራማ ቢያቀርብ፣ ወይዘሮዋ ደብተሯን ይዛ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስትቆም ቢያሳየን፣ እኔ በበኩሌ አንድም ክፍል አያመልጠኝም።