ደንብ ብቻውን ከተማ አያጸዳም

ስለ ከተማ ንጽሕና፣ ስለ መንገድና ስለ ገበያ በተከራከርን ቁጥር አንድ አባባል ከመካከላችን አይጠፋም። «ሕዝቡ ራሱ ካልተለወጠ መንገድ ቢሠራለት፣ ገበያ ቢከለልለት ምን ዋጋ አለው?» ይባላል። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ነገ በየትምህርት ቤቱ ተመድበን ስለ ንጽሕና የምናስተምረው እኛው ነን። ይህን አባባል ሳንመረምር ይዘን ክፍል ብንገባ ተጎጂዎቹ ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የአንዲት ከተማን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው ኒው ዮርክ ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ኒው ዮርክ? ዛሬ ፎቋንና ሰፊ ጎዳናዋን በሥዕል ስናይ፣ ሕዝቧ ገና ከጥንቱ ቆሻሻ መጣል የማያውቅ ይመስለናል። ኧረ እንዲያ አይደለም! ቻርልስ ዲክንስ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ ደራሲ በ1842 ከተማዋን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ብሮድዌይ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ስለሚንጎራደዱት አሳማዎች ጽፏል። በዋናው ጎዳና ላይ እንዲህ ከሆነ በድሆቹ ሰፈር ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በ1800 የኒው ዮርክ ሕዝብ 60 ሺህ ያህል ነበር። በ1840 ከ312 ሺህ በላይ ሆነ፤ በ1850 ደግሞ ከ515 ሺህ አለፈ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከስምንት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሚሄድበት መንገድ፣ ሥጋና አትክልት የሚገዛበት ገበያ፣ ቆሻሻውን የሚያነሳለት ጋሪ ይፈልጋል።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1811 ሦስት ኮሚሽነሮች ለከተማዋ የወደፊት ዕድገት ታላቅ ፕላን አወጡ። መሬቱን የለካው ጆን ራንደል የተባለ ቀያሽ ነበር። በፕላኑ መሠረት እያንዳንዳቸው 30 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 12 አውራ ጎዳናዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ 155 መንገዶች ደግሞ እነዚህን እያቋረጡ እንዲዘረጉ ተወሰነ። ኮሚሽነሮቹ ገበያንም አልረሱም። ከ7ኛው እስከ 10ኛው መንገድ፣ ከአንደኛው ጎዳና እስከ ምሥራቁ ወንዝ ድረስ ያለው ሰፊ ቦታ ለሕዝብ ገበያ እንዲሆን በካርታው ላይ ከለሉ።

ታዲያ ገበያው ተሠራ? አልተሠራም። ቦታው መጀመሪያ ተቆርሶ አነሰ፤ ኋላም ጭራሹን ከፕላኑ ተሰረዘ። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። መንገዱ ሲወጣ፣ ገበያው ቀረ። ለሰፊው ሕዝብ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

አሁን ወደ ገበያው ደንብ እንምጣ። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኒው ዮርክ ደንብ ጥብቅ ነበር። ትኩስ ሥጋ መሸጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው ሥጋ ሻጭ ብቻ ነው፤ እሱም በሕዝብ ገበያ ውስጥ በተሰጠው መደብ ላይ ብቻ። በየሰፈሩ ልኳንዳ መክፈት ክልክል ነበር። ገበሬው ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ እቃውን ገዝቶ በውድ የሚሸጥ ነጋዴ ይቀጣል። የገበያው ሹም ሚዛን ይመረምራል፤ የተበላሸ ሥጋ ካገኘ ይወርሳል።

ይህ ደንብ ሞኝነት አልነበረም። ያኔ ማቀዝቀዣ የለም፤ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ሻጩ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ሹሙም ያየዋል፤ ገዢውም አንዱን ከአንዱ ያወዳድራል። ከተማዋ ትንሽ ሳለች ከቤቱ ተነስቶ ገበያ መድረስ የማይችል ሰው ጥቂት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ከመደብ ኪራይ ገቢ ያገኝ ነበር።

ሆኖም ግን ከተማዋ ወደ ሰሜን ስታድግ ገበያዎቹ እኩል አልተከተሏትም። አዲስ ሰፈር ይቆረቆራል፤ ገበያ የለውም። የቀን ሠራተኛ ሚስት ልጅ ታቅፋ ለአንድ ቁራጭ ሥጋ ያን ሁሉ መንገድ ስትመላለስ ትዋል? አትውልም። ከቤቷ አጠገብ በድብቅ ከሚሸጠው ትገዛለች። በመሆኑም ሕገ ወጥ ልኳንዳዎች በየማዕዘኑ ብቅ ብቅ አሉ። ለመደባቸው ኪራይ የሚከፍሉት ሕጋዊ ሥጋ ሻጮች ደግሞ «እኛ እየከፈልን እነሱ በነጻ ይሸጣሉ» ብለው ጮኹ፤ ጩኸታቸውም እውነት ነበረው። በመጨረሻ በ1843 የከተማው ምክር ቤት ክልከላውን አነሳና ሥጋ ከሕዝብ ገበያ ውጭ በየሱቁ እንዲሸጥ ፈቀደ።

አንዳንዶቻችን ይህን ስናነብ «ጎሽ! ነጻነት መጣ» እንል ይሆናል። እኛ ግን ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባል እንላለን። ልኳንዳው ቤት ድረስ ቀረበ፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን በሺህ ቦታ የተበተነውን ሥጋ ማን ይመርምር? ገንዘብ ያለው ሰፈር ጥሩ ልኳንዳ አገኘ፤ ድሀው ሰፈር የተረፈውን በላ። ለጤና ሙሉ ሥልጣን ያለው የጤና ቦርድ የተቋቋመው ገና በ1866 ነው። ከ1843 እስከ 1866 ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የደንቡ መጥበቅ ብቻ ወይም የሕዝቡ አለመታዘዝ ብቻ አልነበረም። «እዚህ ካልሆነ አትሽጥ፣ አትግዛ» ያለው አካል ያንን «እዚህ» አለመሥራቱ ነው።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። መንገድ ለማውጣትና ድንጋይ ለማንጠፍ የሚያስፈልገው ወጪ በአብዛኛው አጠገቡ መሬት ባላቸው ሰዎች ላይ ይደለደል ነበር። ስለዚህ ባለ ገንዘብ በሚኖርበት ቶሎ ይነጠፋል፤ ድሀ በተከራየበት ሰፈር ጭቃው ይሰነብታል። ደንቡ ነዋሪው ደጃፉን እንዲጠርግ ያዝዛል፤ የተጠረገውን የሚያነሳው ጋሪ ግን በሰዓቱ አይመጣም። ጠርገህ የት ታደርሰዋለህ?

አሳማው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አሳማ በየመንገዱ የተጣለውን ይበላል፤ ለድሀው ቤተሰብ ደግሞ የክረምት ሥጋ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ አሳማ ሰብሳቢዎችን በላከ ጊዜ፣ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞችና ጥቁሮች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ተጋፍጠው አሳማቸውን አስጥለዋል። ሰዎቹ ቆሻሻ ስለወደዱ ነው? አይደለም፤ በሚወሰድባቸው ምግብ ፈንታ የሚሰጣቸው ነገር ስላልነበረ ነው። በ1849 ኮሌራ ገብቶ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ፖሊስ በሺዎች የሚቆጠሩ አሳማዎችን ከመሀል ከተማ አባረረ። አሳማው ሄደ፤ ቆሻሻው ግን እዚያው ቀረ።

በክፍለ ዘመኑ መጨረሻም ያው ስሕተት ተደገመ። ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ብዙ ቸርቻሪዎች በእጅ በሚገፋ ጋሪ አትክልት፣ ዓሣና ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ደንቡ አንድ ጋሪ በአንድ ቦታ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ይከለክላል። ሊቆምበት የሚችል ቋሚ ቦታ ግን አልተሰጠውም። ታዲያ ምን ሆነ? ቸርቻሪው በየቀኑ ደንብ ይጥሳል፤ በየቀኑም ለፖሊስ ጉቦ ይከፍላል። ማንም ሊጠብቀው የማይችል ደንብ የጉቦ በር ይከፍታል እንጂ ሥርዓት አያመጣም።

መፍትሔውስ ከየት መጣ? በ1895 ጆርጅ ዋሪንግ የተባለ መሐንዲስና የቀድሞ የጦር መኮንን የመንገድ ጽዳት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከእሱ በፊት የጽዳት ሥራ የፖለቲካ ሰዎች ለደጋፊዎቻቸው የሚያድሉት እንጀራ ነበር። ዋሪንግ ሥራውን እንደ ሥራ ያዘው። ለእያንዳንዱ ጠራጊ የራሱን ክልል ሰጠው፤ ጋሪዎቹ በሰዓታቸው እንዲመጡ አደረገ፤ ጠራጊዎቹን ነጭ የደንብ ልብስ አለበሳቸው። መጀመሪያ ሰው በነጩ ልብስ ሳቀ። በ1896 ጠራጊዎቹ በሰልፍ ሲያልፉ ግን ያው ሕዝብ አጨበጨበላቸው። በ1893 እና በ1895 የተነሱ የአንድ መንገድ ፎቶግራፎች አሉ። በፊተኛው ቆሻሻ ተከምሯል፤ በኋለኛው መንገዱ ጸድቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ባሕርይ ተለወጠ እንዴ? ሰፈሩ ያው ነው፤ ድህነቱም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ቀድሞ «እነዚህ ስደተኞች ከተፈጥሯቸው ቆሻሾች ናቸው» ይባሉ የነበሩት ሰዎች፣ ጋሪው በሰዓቱ ሲመጣላቸው መንገዳቸው ጸዳ።

«ታዲያ ደንብና ቅጣት አያስፈልግም ልትሉ ነው?» የሚለን ይኖራል። አንልም። ዋሪንግ ራሱ ጥብቅ ሰው ነበር፤ ሌሊት በየመንገዱ ቆመው የሚያድሩትን የጭነት ጋሪዎች ባለቤቶቹ እያጉረመረሙ አስነስቷል። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቦታውና አገልግሎቱ ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ አሻፈረኝ ያለው ይጠየቅ። ቦታ ሳይሰጡ መቅጣት ግን ድሀውን በድህነቱ መቅጣት ነው።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ከዚህ ታሪክ አንድ ልዩ ነገር አለ። ዋሪንግ ልጆችን በጽዳት ማኅበር አደራጅቶ ነበር። ልጆቹ ምልክት በደረታቸው ያደርጋሉ፤ ይዘምራሉ፤ የተማሩትንም እንግሊዝኛ ለማያውቁ ወላጆቻቸው ያስረዳሉ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በሌላ በኩል ልጆቹ በየሰፈራቸው ደንብ የተጣሰበትን እየጻፉ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። እኛ ይህን አንደግፍም። ልጅ እውቀት ወደ ቤቱ ይዞ ይሂድ እንጂ የጎረቤቱ ሰላይ አይሁን።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የንጽሕና ትምህርት ዕቅዳችን «ቆሻሻ አትጣሉ» በሚለው ትእዛዝ ብቻ እንዳይቆም። «ቆሻሻው የት ነው የሚጣለው? ማን ያነሳዋል? በየስንት ቀኑ? ካልተነሳስ ለማን ይነገራል?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይግቡ። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤታቸውን ግቢ ዞረው ማጠራቀሚያው የት እንዳለና የት እንደሌለ በወረቀት ላይ ይሳሉ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ መርጃ መሣሪያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ልጅ ክፍል ሲገባ ከመቆጣታችን በፊት የመጣበትን መንገድ እንጠይቅ።

መምህሮቻችንም በዚህ ጉዳይ ያላቸውን ሐሳብ፣ የሚቃወመንም ቢሆን፣ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።