አንድ ጭነት፣ አንድ ደረሰኝ

ላንቴ ወይም ጫኖ ሚሌ ላይ ዛሬ የተቆረጠ ሙዝ ቀጠሮ አያራዝምም። አረንጓዴውን ተቆርጦ፣ በቅጠል ተደላድሎ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ማብሰያ ቤት ይገባል። መንገድ ላይ ከዋለ ግን ሙቀት ያፍነዋል፤ ገበያ ሳይደርስ በስሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ሾፌሩን ከዳገቱና ከኩርባው እኩል የሚያሳስበው በየከተማው ጫፍ የተዘረጋው ገመድ ነው።

ከአርባ ምንጭ የተነሳ መኪና ምዕራብ አባያን አልፎ፣ በወላይታ ሶዶ፣ በሆሳዕና፣ በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ ሲገባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው መንገድ በአንድ ክልል ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ለየብቻቸው ክልል ሆኑ። ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ያው ሙዝ አሁን ሦስት ክልል አቋርጦ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ራስን በራስ ማስተዳደር የሕዝብ መብት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ “ወሰን ማለት ገመድ ማለት ነው ወይ?” የሚለው ላይ ነው።

ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይዟል። ነጋዴው ንግድ ፈቃድ አለው። እነዚህ ወረቀቶች አርባ ምንጭ ላይ ትክክል ከሆኑ ቡታጅራም ላይ ትክክል ናቸው። ጣጣው የሚጀምረው ከእነዚህ ውጭ ነው። አንዱ “የኮቴ ክፈል” ይላል፤ ሌላው መሸኛ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ካለፈው ከተማ የተቆረጠውን ደረሰኝ አይቶ “ይሄ እዚህ አይሠራም” ይላል። አንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ አለው፤ አንዳንዱ “የሻይ” ነው። ሙዝ የጫነ ሾፌር ደግሞ ብዙ አይከራከርም። ቢረታ እንኳ የሚረታው የጠዋቱ ገበያ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ሰው ነጋዴው ይመስለዋል። ነጋዴ ግን ሒሳብ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ይይዛል፤ ከዚያ ላይ ነዳጁን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የኬላውንና የሚበላሸውን ሙዝ ግምት ይቀንሳል። የተረፈውን ነው ማሳ ድረስ ሄዶ ለገበሬው የሚያቀርበው። ገበሬው ሙዙን ከርሞ አይሸጠውምና የተባለውን ይቀበላል። ገመዱ የተዘረጋው ሩቅ ከተማ ላይ ቢሆንም የሚጎትተው የላንቴን ገበሬ ኪስ ነው። የሻይ ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው በግብር ሒሳብ ላይም ወጪ ሆኖ አይያዝም። ፈቃድ አውጥቶ፣ መዝገብ ይዞ የሚነግደው በዚህም ይጎዳል።

ኬላ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ሀገሪቱ አይታዋለች። በደርግ ዘመን እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳይሄድ በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስረክበው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቁጥጥሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ትርፍ በሚያመርተውና በሚሸምተው አካባቢ መካከል የነበረው የእህል ዋጋ ልዩነት ጠበበ።

በሕግም ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመምራትና የመቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል መንግሥት ነው።

አውሮፓን እንይ። የተለያየ መንግሥትና ቋንቋ ያላቸው አገሮች በመካከላቸው ያለውን የጉምሩክ ፍተሻ ያነሱት እ.አ.አ. በ1993 ነው። ከስፔን ቲማቲም የጫነ መኪና ፈረንሳይንና ጀርመንን አቋርጦ ፖላንድ ሲገባ የቀረጥ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። እንግሊዝ ከዚህ ገበያ በ2021 መጀመሪያ ስትወጣ ወረቀቱ ተመለሰ። ቀድመው ከጮኹት መካከል የስኮትላንድ ዓሣ ላኪዎች ነበሩ። የብዙ ሰው ዓሣ በአንድ መኪና ይጫናል፤ የአንዱ ወረቀት ሲጎድል የሁሉም ዓሣ ይቆማል። ዓሣም እንደ ሙዝ ነው፤ ቆሞ አይጠብቅም።

ያን ያህል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሞያሌ ላይ ኢትዮጵያና ኬንያ በ2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ከፍተዋል። አሠራሩ መኪናው አንዴ ቆሞ የሁለቱንም አገር ፍተሻ በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ነው። ለሁለት አገር አንድ ማቆሚያ ከበቃ፣ በአንድ አገር ውስጥ ሙዝ ስንት ጊዜ መቆም አለበት?

በእርግጥ ወረዳና ከተማ ገቢ ያስፈልጋቸዋል። ኮንትሮባንድም፣ የጸጥታ ሥጋትም አለ። መፍትሔው ግን ገመድ ማብዛት አይደለም። አንደኛ፣ ክፍያው በመጫኛው ቦታ አንዴ ተከፍሎ፣ ደረሰኙ እስከ አዲስ አበባ ይሥራ፤ ገቢውን ክልሎቹ ተስማምተው ይከፋፈሉት። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከእጅ ወደ እጅ መሆኑ ቀርቶ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፍተሻ የግድ በሚሆንበት ቦታ ሊበላሽ የሚችል ጭነት ቅድሚያ ያግኝ። አራተኛ፣ በየኬላው ምን እንደሚከፈልና በየትኛው ደንብ እንደሚከፈል ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ አይከፈል።

ጋሞ የጋራ ጉዳዩን ዱቡሻ ወጥቶ፣ ሁሉም እየሰማ የሚመክር ሕዝብ ነው። የሙዙም ሒሳብ እንዲሁ በአደባባይ ይሁን። በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ በመኪና መስኮት የሚጠየቅ ክፍያ ለመንግሥት ካዝና መድረሱን ማንም አያውቅም። ከገበሬው መውጣቱ ግን የታወቀ ነው።