ኬፕ ቨርዴን በወባ ነው የማውቃት

የልጅ ልጄ ኳስ ሲያይ ውሎ «እማማ፣ ኬፕ ቨርዴ የት ነው ያለችው?» አለኝ። ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማለፏን ሰምቶ ነው። እኔ ስለ ኳስ አላውቅም፤ አገሪቱን ግን በወባ አውቃታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 10 ደሴቶች ናት። ሰው የሚኖረው በ9ኙ ነው። ዋና ከተማዋ ፕራያ ትባላለች። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሁለት ክፍለ ከተማ አይበልጥም። ከፖርቱጋል ነጻ የወጣችው በ1975 ነው። መሬቷ ደረቅ፣ ዝናቧ የማይታመን ነው፤ በ1940ዎቹ ረሀብ ብዙ ሰው ጨርሶባታል። ልጆቿም ተሰደው ኑሮን በሚልኩት ገንዘብ ይደግፋሉ። ይሄ ለእኛም ቤት እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ወባው ልመለስ። ከ1950ዎቹ በፊት በሁሉም ደሴቶች ወባ ነበረ። በኬሚካል ርጭት በ1967 አንዴ፣ በ1983 ደግሞ ሁለተኛ አጠፉት። ሁለቱንም ጊዜ ቁጥጥሩ ሲላላ ተመልሶ መጣ።

ቆላ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት «ወባው ጠፍቷል» ብላ፣ ርጭት የተደረገለትን ግድግዳ ለበዓል በእበት ለቀለቀችው። በጥቅምት ልጇን አዝላ መጣች፤ ማንቀጥቀጥ ከጀመረው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ልጁ ተረፈ። ያን ቀን ተቆጥቻት ነበር። እኛ ባለሙያዎቹም ግን በሽተኛ ሲቀንስ እንደሷው እንዘናጋ ነበር።

በ2017 ፕራያ ላይ ወረርሽኝ ተነሳ። በዚህኛው ጊዜ አልተላሉም፤ ለመንገደኛውም ለስደተኛውም ሳይቀር ምርመራና ሕክምና በነጻ ሰጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2024 ከወባ ነጻ መሆኗን አረጋገጠላት፤ በድርጅቱ የአፍሪካ ክልል ከሞሪሺየስና ከአልጄሪያ ቀጥላ ሦስተኛዋ ናት። ባሕር መከበቧ ረድቷታል፣ አይካድም። የእኛ አገር ሰፊ ነው፤ ቆላው ብዙ፣ ሰዉም ለሥራ ከደጋ ቆላ የሚመላለስ ነው።

ልጁ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ያሸንፋሉ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆላ ያሉት አክስቱ ዘንድ ስለሚሄድ ሻንጣው ውስጥ አጎበር ከትቼለታለሁ። ለኳሱ ቦታ አሳጣሽኝ ብሎ አኩርፏል።