ከቦታው በፊት ወረቀቱ

 ደብረ ታቦር እየሰፋች፣ ዩኒቨርሲቲዋና የወረታ–ወልድያ መንገድም ተከራይ እያመጡላት በመሆኑ፣ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ሁሉ ዳር ያለውን መሬት ያማትራል። የዚህ እትም መከራከሪያ ጀማሪ ገንዘቡን በባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን ሰነዱ በተሟላና ሊከራይ በሚችል ትንሽ ቤት ላይ ያውል የሚል ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ማሳ፣ ምስክሮቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ሽማግሎች ቢሆኑ፣ ገዢውን ባለይዞታ አያደርገውም። ቤት ግን ይሸጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል።

«ብር ባንክ ተቀምጦ ይረክሳል፤ ቦታ ግን ዋጋው ይጨምራል» የሚሉ አሉ። የግሽበቱ ስጋት እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ሆኖም የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ባዶ ቦታ ይዞ ማትረፍን አጥብቦታል፤ ግንባታው ሳይጋመስ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። በሊዝ ጨረታ ቦታ አሸንፎ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ ለብሎኬትና ለቆርቆሮ የሚሆን የማይተርፈው ሰው፣ ባለሀብት ሳይሆን ባለዕዳ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የይዞታ ማረጋገጫውን ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም በጽሑፍ ይጠይቁ።