ጤናችን በእጃችን፦ ከራስ በላይ ነፋስ

የዛሬው ጨዋታችን ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ ነው።

በቀደም ዕለት አንድ የሠፈራችንን ልጅ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነበር። ቦዳ ቦዳ ነድቶ ነው የሚያድረው፤ ካኩማ ላሉት እናቱና እህቶቹም ከዚያችው ቆርሶ ይልካል። ጁጃ ሮድ ላይ መኪና ገጭቶት፣ ግንባሩን ተሰፍቶ ተኝቷል።

"ሄልሜትህስ?" ስለው "ክንዴ ላይ ነበረች" አለኝ።

"እንዴት ክንድህ ላይ?"

"ጋሼ፣ ፀሐዩን አላዩትም እንዴ? ጭንቅላቴ ሊፈላ ነው እኮ!"

እግዜር ይመስገን ተርፏል። ግን ክርኑ ደህና ሆኖ ግንባሩ ተሰፋ። "ከራስ በላይ ነፋስ" የሚለውን ተረት ልጆቻችን ሞተር ላይ ቃል በቃል ወሰዱት መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም፤ ሄልሜት ይሞቃል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ወፍራም ፎም በግጭት ጊዜ ራሱ ተጨፍልቆ ምቱን ይውጥልናል። ይኸው ፎም ታዲያ ሙቀትም አያስወጣም። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ ነፋስ ካልገባ ደግሞ ላብ አይተንም። ስለዚህ ሞተሩ ሲሄድ ደህና ይሆንና መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ጭንቅላት ይግላል።

ቢሆንም ማውለቁ መድኃኒት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጥራት ያለው ሄልሜት በሞት የመጋለጥን ዕድል ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። ኬንያም በ2012 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው የትራፊክ ሕግ ነጂውም ተሳፋሪውም እንዲያደርጉ አዝዛለች። ሙቀቱ ቢከለክል ኖሮ ቬትናምን በከለከለ ነበር። እዚያ ግን ከዲሴምበር 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ ሆኗል፤ ለሞቃት አገር ተብሎ ቀለል ያለና የአየር ቀዳዳ ያለው ሄልሜትም ይሠራሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስትገዙ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለም ምረጡ፤ ጥቁር ፀሐይ ይስባል። ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ለሞተር አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁና በደንብ ጨምቃችሁ እሰሩ። ናይለን ላብ አይጠጣም። ወፍራም ሻሽም ሄልሜቱን ያላላዋል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን አቁማችሁ ደንበኛ ስትጠብቁ አውልቁትና ጥላ ሥር አስቀምጡት። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

አራተኛ፣ የውስጡን ጨርቅ በሳሙናና በውኃ እጠቡ። ቤንዚን አታስነኩ፤ ፎሙን ይበላዋል።

አደራ! ለአየር ብላችሁ ቅርፊቱን አትብሱ፣ ፎሙን አትገንጥሉ፣ ማሰሪያውንም አትፍቱ። ያልታሰረ ሄልሜት ከባለቤቱ ቀድሞ ይወድቃል። አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜትም፣ ከላይ ደህና ቢመስል፣ ፎሙ ተጨፍልቋልና ይቀየር።

እናንተ ተሳፋሪዎች፣ በተለይ እናቶችና እህቶች፣ "የሰው ላብ አልነካም" እያላችሁ በባዶ ራስ አትሂዱ። የራሳችሁን ስስ የጥጥ ሻሽ በቦርሳ ያዙና ከሥሩ አድርጉ። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁማ ፀሐዩን ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ራስ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወዲያው ወርዳችሁ ጥላ ያዙ፤ ራስና አንገታችሁን በውኃ አርጥቡ። ንግግሩ የተወላገደ ወይም የወደቀ ሰው ካለ ውኃ እያፈሰሳችሁበት በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት።

ያ ልጅ አደጋውን ለእናቱ እስካሁን አልነገራቸውም። ካምፕ ያላችሁ ወላጆች፣ በኤም ፔሳ የተላከላችሁ ብር ሲደርሳችሁ ደውላችሁ ትመርቁ የለ? እንግዲህ ከምርቃቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ልጄ፣ ሄልሜትህ ክንድህ ላይ ነው ራስህ ላይ?"

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።