ሕመም ሳይሰማ የሚደረግ ምርመራ

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለዓመታት ምልክት ሳያሳዩ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

በቦሌ፣ በየካና በ2013 ዓ.ም በተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የሚገኙ እናቶች ለእርግዝና ክትትልና ለሕፃናት ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚመላለሱ ግፊታቸውን የመለካት ዕድል ያገኛሉ። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ግን ይህን መሰል መደበኛ ምክንያት የላቸውም። እ.ኤ.አ በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን የቤት ለቤት አገልግሎትም ቢሆን በሥራ ላይ የዋለውን ወንድ ቤቱ ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ወንዶቹ ወደሚውሉበት መሄድ ይኖርበታል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ከዚያ አስቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊትና ስኳር መለካት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ በአንጻሩ ጥቅሙና ጉዳቱ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት የሚወሰን ነው።

ይሁንና ልኬት ብቻውን በሽታን አይከላከልም። ግፊቱ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ መድኃኒትና ተከታታይ ክትትል ካላገኘ ለስትሮክና ለኩላሊት ሕመም ይጋለጣል። በመሆኑም የኃላፊዎች ድርሻ መለኪያውን በማቅረብ ሳይወሰን ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ መስጠትንም ይጨምራል።